ግማሽ ውሃ ይቆጠባል ብለናችሁ ነበር



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ ዜና መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ ማውጣታችን ይታወሳል። ከጊቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው መስጂድ የወንዶች ውዱእ ማድረጊያው ሊታደስ ነው፣ የቆዩት ቧንቧዎች በውሃ ቆጣቢ ይተካሉ፣ ፍጆታውም በግማሽ ይቀንሳል ብለን ጽፈን ነበር። እናንተም ከወር ወጪያችሁ ላይ 20ም 50ም ብር እየቀነሳችሁ ሰጣችሁ። ሥራው አለቀ፤ ተመረቀ፤ ፎቶ ተነሣን። ከሦስት ወር በኋላ ቆጣሪውን ስናነበው ግን የቀነሰው ውሃ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነበር።

ይህን የምንጽፈው ስሌቱን የሠራነው እኛ ስለሆንን ነው። አራት የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ገንዘቡ የተሰበሰበው በእኛ ቁጥር ነው። የሰው ገንዘብ አማና ነው፤ ገንዘቡን ያስወጣው ቃልም እንዲሁ። ስለዚህ ምን እንዳልን፣ ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንነግራችኋለን።

ስሌታችን ቀላል ነበር። ከእድሳቱ በፊት ባልዲና የስልክ ሰዓት ይዘን የድሮውን ቧንቧ ለካን፤ በደቂቃ 8 ሊትር ያህል ያፈሳል። ውዱእ የሚያደርጉ ወንድሞችን ከሩቅ ሆነን በሰዓት ስንከታተል አንድ ሰው ቧንቧውን በአማካይ አንድ ደቂቃ ተኩል ከፍቶ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ውዱእ 12 ሊትር ይፈጃል። አዲሱ ቧንቧ አፉ ላይ ወንፊት ያለው ሲሆን በደቂቃ 4 ሊትር ያፈሳል። በአንድ ደቂቃ ተኩል 6 ሊትር ይሆናል። ከ12 ወደ 6፣ ግማሽ። የውዱእ ማድረጊያው የራሱ ቆጣሪ ስላለው ከእድሳቱ በፊት በወር 140 ሜትር ኩብ ያህል እንደሚቆጥር እናውቅ ነበር። ስለዚህ 70 ይሆናል ብለን ጻፍን። ያነበብነው ግን 126 ነበር።

መጀመሪያ ቆጣሪው ተበላሽቷል ብለን አሰብን። ቆጣሪው ደህና ነበር። ቀጥለን የሰጋጁ ቁጥር ጨምሯል ብለን ጠረጠርን። ቆጠርን፤ በቀን ወደ 390 ውዱእ፣ እንደ በፊቱ ነው። ከዚያ ነው ወደ ራሳችን የተመለስነው።

ከመመለሳችን በፊት ግን ይህ የገጠመን እኛን ብቻ ነው ወይ ብለን በላይብረሪ ውስጥ ብዙ አመሸን። ብቻችንን እንዳልሆንን አወቅን። ያ ግን አላጽናናንም።

ዛሬ በዓለም ላይ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚባል ነገር አለ። ኤሌክትሪክና ውሃ ይቆጥባል ተብሎ የሚነደፍና ለዚሁ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሕንፃ ነው። ከሁሉ የታወቀው «ሊድ» የሚባለው የአሜሪካ አረንጓዴ ሕንፃ ምክር ቤት መመዘኛ ሲሆን ሕንፃው በሚያገኘው ነጥብ ከመነሻው ደረጃ ተነሥቶ እስከ ብር፣ ወርቅና ፕላቲኒየም ይሰጠዋል። በታዳጊ አገሮች ደግሞ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን «ኤጅ» የተባለ መመዘኛ አውጥቷል፤ ከተለመደው ሕንፃ ጋር ሲነፃፀር በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ ቢያንስ 20 በ20 በመቶ መቀነስን ይጠይቃል። ለእኛ ለሙስሊሞችም ቅርብ ነው፤ የጃካርታው የኢስቲቅላል መስጂድ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን የምስክር ወረቀት አግኝቷል። ጣራው ላይ ከ500 የሚበልጡ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች፣ ለውዱእም ውሃ የሚመጥኑ ቧንቧዎች አሉት። እኛም የመስጂዳችንን እድሳት ስናስብ ልባችንን የወሰደው የእርሱ ዜና ነበር።

ጥያቄው እነዚህ ሕንፃዎች ሰው ገብቶባቸው መብራት ሲበራና ውሃ ሲፈስ የተባለውን ያህል ይቆጥባሉ ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ «ኒው ቢልዲንግስ ኢንስቲትዩት» የተባለ ተቋም የሊድ ምስክር ወረቀት ያላቸውን 121 ሕንፃዎች የኃይል ፍጆታ መረመረ። የሕንፃዎቹ ማዕከላዊ ፍጆታ ከአገሪቱ አማካይ 24 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ሕንፃ በሕንፃ ሲታይ ከግማሽ የሚበልጡት በንድፉ ላይ ከተተነበየላቸው ቁጥር ከ25 በመቶ በላይ ርቀው ነበር፤ ገሚሶቹ ከተባለው እጅግ ተሽለው፣ ገሚሶቹ እጅግ ብሰው።

በቀጣዩ ዓመት የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪዎች ከዚያው መረጃ 100 ሕንፃዎችን ወስደው ከአቻዎቻቸው ጋር አወዳደሩ። በአማካይ ሲታይ የሊድ ሕንፃዎች በካሬ ሜትር ከ18 እስከ 39 በመቶ ያነሰ ኃይል ይጠቀማሉ አሉ። አስከትለውም ከእነዚሁ ሕንፃዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት የምስክር ወረቀት ከሌለው አቻቸው የበለጠ እንደሚፈጁ ጻፉ። የወረቀቱ ደረጃ ከፍ ማለቱም ፍጆታው ዝቅ ለማለቱ ብዙም ማስረጃ አልሆነም።

የኦበርሊን ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ጆን ስኮፊልድ ደግሞ ያንኑ መረጃ ይዘው ተከራከሩ። ትንሹንና ትልቁን ሕንፃ እኩል ቆጥሮ አማካይ ማውጣት ያሳስታል፤ ብዙውን ኃይል የሚፈጁት ትልልቆቹ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩን ለማመንጨት ጣቢያው ላይ የሚቃጠለውም አብሮ ይቆጠር አሉ። እንደዚያ ሲሰላ ቁጠባው ጠፋ። ቆየት ብለው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የኒውዮርክ ከተማን 953 ትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች ተመለከቱ። ከእነርሱ ውስጥ የሊድ ወረቀት የነበራቸው 21ዱ በጠቅላላው ሲታዩ ከሌሎቹ የተሻለ ቁጠባ አላሳዩም፤ የወርቅ ደረጃ ያላቸው ግን 20 በመቶ ያህል የተሻሉ ነበሩ።

ይህን ማየት የተቻለው ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ትልልቅ ሕንፃዎች የኃይልና የውሃ ፍጆታቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ስላወጣች ነው። ሕጉ ባይኖር የሚታየው በር ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ብቻ ነበር። በዚያች ከተማ ያለው የባንክ ኦፍ አሜሪካ ታወር የፕላቲኒየም ደረጃ ካገኙ የመጀመሪያዎቹ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ቁጥሩ ሲገለጥ ግን በካሬ ጫማ የሚፈጀው ኃይል ለብዙዎች አስደንጋጭ ሆነ። ሕንፃው በደንብ ሳይሠራ ቀርቶ አይደለም። ውስጡ የአክሲዮንና የገንዘብ ገበያ ሠራተኞች ሞልተዋል፤ አንዱ ሰው ብዙ ስክሪን ይዞ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሮቹ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ እነርሱን ማቀዝቀዝም ሌላ ኃይል ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ውዱእ ማድረጊያችን ተመለስን። ስህተቶቻችን ከእነዚያ ትልልቅ ሕንፃዎች ስህተቶች ጋር ወንድማማች ሆነው አገኘናቸው።

አንደኛው ሰውን እንደማይለወጥ አድርገን መቁጠራችን ነው። ቧንቧውን ስንቀይር አጠቃቀሙም ይቀየራል ብለን አላሰብንም። ውሃው ሲቀጥን ወንድሞች እስኪበቃቸው ድረስ ይቆያሉ። እንደገና በሰዓት ስንለካ አንድ ደቂቃ ተኩል የነበረው ሁለት ደቂቃ ከሩብ ሆኗል። 4 ሊትር በሁለት ደቂቃ ከሩብ 9 ሊትር ነው። ስለዚህ ግማሽ ያልነው በአንድ ውዱእ ሩብ ሆኖ ቀረ። በሕንፃዎቹም እንዲሁ ነው። ስሌቱ ሠራተኛው ሲወጣ መብራት ያጠፋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ማቀዝቀዣውን በልክ ያደርጋል ይላል። ሰውየው ግን ሰው ነው።

ሁለተኛው ከሥራው ርክክብ በኋላ ዞር ብለን አለማየታችን ነው። በአንድ ውዱእ 9 ሊትር ከሆነ በወር 105 ሜትር ኩብ ሊሆን ይገባው ነበር። የቀረው 21 ሜትር ኩብ የት ሄደ? መልሱን የነገሩን የመስጂዱ ኻዲም አባታችን ናቸው። ስንጠይቃቸው ሳቅ ብለው «ልጆቼ፣ ሌሊት ሌሊት ከኋላ በኩል ዝናብ ይዘንባል እኮ» አሉን። የጣራው ሮቶ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ በደንብ አልተገጠመም። ሌሊት የከተማው ውሃ ግፊት ሲጨምር ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ያድራል። በቀን ወደ 700 ሊትር! ኻዲሙ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። እኛ አልጠየቅናቸውም፤ እርሳቸውም መሐንዲሶቹ ያውቁታል ብለው ዝም አሉ። በትልልቅ ሕንፃዎችም ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ በንድፉ መሠረት መሥራቱን ካላረጋገጡ፣ ከሚያንቀሳቅሱት ሰዎችም ጋር ካልተመካከሩ፣ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ይገኛሉ፤ ባዶ ፎቅም ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲነፋበት ያድራል።

ሦስተኛው ስሌቱን ከትንቢት ጋር መቀላቀላችን ነው። ይህ በትምህርታችንም ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ነው። ለምስክር ወረቀት የሚሠራው የኮምፒውተር ስሌት በመሠረቱ ማወዳደሪያ ነው፤ ይህን ሕንፃ በደንቡ ዝቅተኛ ልክ ከተሠራ ሌላ ምናባዊ ሕንፃ ጋር፣ ሰውም አየርም እኩል ነው ተብሎ፣ ያነፃፅራል። ወሩ መጨረሻ ላይ ይህን ያህል ቢል ይመጣል ማለት አይደለም። እኛም «ቧንቧው በደቂቃ የሚያፈሰው በግማሽ ይቀንሳል» ብንል ኖሮ እውነት ነበር። «ፍጆታው በግማሽ ይቀንሳል» ስንል ግን ያላወቅነውን ተናገርን። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል 390 ውዱእ፣ አንድ ሮቶና አንድ ያልተጠየቁ አባት ነበሩ።

አራተኛው ወንፊቱ ነው። የከተማችን ውሃ ደለል አለው። በሁለት ወር ውስጥ የአንዳንዱ ቧንቧ ወንፊት ተደፈነ፤ የተቸገረ ወንድም ፈትቶ ጣለው። ያ ቧንቧ ከዚያ በኋላ ከድሮው አይሻልም። ማን ያጸዳዋል፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ወጪ የሚለው በንድፋችን ላይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ክርክራችን መናገር አለብን። ይህን ጽሑፍ ለማውጣት ስናስብ በመካከላችን ልዩነት ተፈጠረ። አሁን የእህቶች ውዱእ ማድረጊያ ተራ ነው። የእነርሱ ክፍል ጠባብ ነው፣ በሩ አይዘጋም፣ ብዙዎቹ ዶርም ውዱእ አድርገው በዝናብም በጭቃም ይመጣሉ። መዋጮው ተጀምሯል። ከእኛ አንዱ፣ «አሁን 10 በመቶ ብለን ብናወጣ ማን ይሰጠናል? በአንድ ውዱእ የቀነሰው 25 በመቶ ነው፤ እውነት ነውና እሱን እንጻፍ፤ የሮቶው ነገር የቧንቧው ጥፋት አይደለም» አለ። ለእህቶቹ ብሎ እንጂ ለራሱ ብሎ እንዳልተናገረ እናውቃለን። ነገሩም ውሸት አልነበረበትም። ሁለታችን ልንስማማ ምንም አልቀረንም ነበር።

ሌላው ዝም ብሎ ቆይቶ መድረሳ የተማርነውን አነሣ። ቁርኣን ሙሉ ሱራ በስማቸው የሰየመላቸው ሰፋሪዎች አሉ፤ ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው የሚወስዱ፣ ለሌላው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉ። ልጆች ሳለን ሱረቱል ሙጠፊፊንን በቃላችን ስንይዝ የምናስበው የገበያ እህል ነጋዴ ነበር። «እኛስ ሁለት መስፈሪያ ይዘን የሚያምርልንን ልንመርጥ አይደል?» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ጉዳዩን ለእህቶች አሚራ ስንነግራት መልሷ አጭር ነበር፦ «የእኛ ክፍል በተሳሳተ ቁጥር ከሚሠራ ትንሽ ይዘግይ።»

ስለዚህ ሙሉውን ቁጥር ይኸው አቅርበናል። ከዚያ ወዲህ የሆነውንም እንንገራችሁ። ኳሱን ቧንቧ ሠራተኛ አምጥተን አስተካከልን፤ በቀጣዩ ወር ቆጣሪው 106 አነበበ። ወንፊቶቹን በየወሩ የሚያጸዱ ሁለት ወንድሞች ተመደቡ። ኡስታዛችንም ከመግሪብ በኋላ ስለ ውዱእና ስለ ኢስራፍ አጭር ደርስ ሰጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር አስታወሱን። ሙድ የመካከለኛ ሰው ሁለት መዳፍ ሙሉ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። እኛ በቆጣቢ ቧንቧችን 9 ሊትር ላይ ነበርን! ፊታችንን ስናሽ፣ ክንዳችንን ስናዳርስ፣ ራሳችንን ስናብስ ቧንቧውን መዝጋት ብር አያስወጣም። ባለፈው ወር የተነበበው 92 ነው። ከመነሻው ሲታይ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ቀንሷል። ግማሽ አይደለም። የአንድ ወር ንባብ ስለሆነም ይቀጥላል ብለን ቃል አንገባም።

ከዚህ ሁሉ ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ሊወጡ ይችላሉ። አንዱ «ይህ አረንጓዴ የሚሉት ነገር ሁሉ ማስመሰያ ነው» የሚለው ነው። አይደለም፤ በሚገባ የተሠሩ፣ በሚገባም የተያዙ ሕንፃዎች በእርግጥ ይቆጥባሉ። ሁለተኛው «ወረቀቱ ካለ ቁጠባው አለ» የሚለው ነው። ይህም አይደለም። ወረቀቱ ስለ ንድፉ ይመሰክራል፤ ስለሆነው ነገር የሚመሰክረው ቆጣሪው ነው።

አውስትራሊያ ይህን ቀድማ አስተውላለች። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ሳውዝ ዌልስ የተጀመረውና ዛሬ «ናበርስ» የሚባለው መመዘኛ ለቢሮ ሕንፃ ኮከብ የሚሰጠው የ12 ወር ትክክለኛ ፍጆታውን አይቶ ነው። ገና የሚገነባ ሕንፃ ባለቤት «ይህን ያህል ኮከብ አገኛለሁ» ብሎ ውል መፈረም ይችላል፤ ኮከቡን የሚያገኘው ግን ሰው ገብቶበት ዓመት ከተቆጠረ በኋላ ነው። በኋላም ትልልቅ ቢሮዎች ሲሸጡም ሆነ ሲከራዩ ደረጃቸው እንዲገለጽ በሕግ ታዘዘ። ተከራዩ ስለሚያየው ባለቤቱ ይጠነቀቃል፤ መሐንዲሱም ከርክክብ በኋላ ስልኩን አይዘጋም።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን በዚህ ዓመት የምንመረቅ አለን። ነገ በንድፍ ላይ እንፈርማለን። በየከተማው ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ሲወጣ እናያለን። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ መስኮት ከፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ማስገባት በሚቻልበት አገር ፀሐይን በመስታወት ዘግቶ አስገብቶ መልሶ በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዝ ምን ይባላል? አንድ ቀን አሠሪ መጥቶ «ዘመናዊ ነው፣ ይቆጥባል ብላችሁ ጻፉልኝ» ይለናል። ያን ቀን «ከመቼ ጋር ሲነፃፀር? ማን ለካው? ከዓመት በኋላስ ማን ያነበዋል?» ብለን መጠየቅ ካልቻልን የተማርነው ምን ላይ ዋለ?

ለእህቶች ክፍል የምንገባው ቃል ከባለፈው ያነሰ ነው። በሩ ይዘጋል፣ ቦታው ይሰፋል፣ የራሱ ቆጣሪ ይገጠምለታል። ከእድሳቱ በፊት ሦስት ወር፣ ከእድሳቱ በኋላ ደግሞ አሥራ ሁለት ወር ይነበባል። ቁጥሩ ቢያምርም ባያምርም በየወሩ በውዱእ ማድረጊያዎቹ በሮች ላይ ይለጠፋል። ምን ያህል ይቆጥባል ለሚለው አሁን መልስ የለንም፤ ሲነበብ አብረን እናያለን። ይህን አውቃችሁ መስጠት የምትፈልጉ ስጡ። ባለፈው ማስታወቂያ ተማምናችሁ ሰጥታችሁ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁም ዐፍው በሉን፤ ቁጥሩ የእኛ ስህተት ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፣ ቃላችንን ከሥራችን ያስማማልን፣ ሳንጠየቅ ራሳችንን ከሚተሳሰቡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።